ትርፍ ወንበሮች

ቀናተኛ ነኝ። ይህን ከሚስቴ በቀር ማንም አያውቅም ነበር፤ አሁን እናንተም ዕወቁት።

ኮሮና ከመግባቱ በፊት በነበረው ዓመት ጅግጅጋ ውስጥ በአንድ የጤና ኮሌጅ ፋርማኮሎጂ አስተምር ነበር። ያንኑ ትምህርት ለሌላው ክፍል የሚያስተምረው የአገሩ ልጅ ነው። ተማሪዎቹ እሱን በሶማልኛ «መዓሊን»፣ መምህር፣ እያሉ እስከ ደጅ ይሸኙታል። እኔ «ቲቸር» ነኝ፤ ሰዓቱ ሲያልቅ ጥለውኝ ይወጣሉ። በዚያ ላይ ለሁለተኛ ዲግሪ ከሁለታችን የሚላከው አንድ ብቻ ነው። የሚለየን ደግሞ አንዳችን ለሌላችን የምንሞላው የግምገማ ቅጽ ነው።

ረመዳን በገባ በሦስተኛው ቀን ቅጼን ይዤ እሱ ክፍል ከኋላ ተቀመጥኩ። ግማሹ ተማሪ ራሱን ይዞ ያቃስታል። ትምህርቱ ሴሎች የአዴኖሲን ተቀባዮቻቸውን እንዴት እንደሚያበዙና እንደሚቀንሱ ነበር። እኔ ዋዜማውን ለራሴ ክፍል ዘረመሉ ሲነበብ፣ ተቀባዩ ተሠርቶ ወደ ሴሉ ሽፋን ሲወጣ ሰሌዳ ሙሉ ቀስት ብስልም ለማንም አልገባም።

እሱ ጠመኔ እንኳ አላነሳም። በሚኮላተፈው አማርኛው «ሻይ ቤት ከፈታችሁ እንበል» አለ። «አዴኖሲን ደንበኛ ናት፤ ከተቀመጠች ድካም ይመጣል። ካፌይን ግን ምንም ሳያዝ ወንበር ይዞ የሚውል ሰው ነው። ባለቤቱ ምን ያድርግ? ትርፍ ወንበር ያወጣል። አሁን ጾም ነው፣ ካፌይን ቀረ። ወንበሩ ግን አለ፤ አዴኖሲን ሁሉም ላይ ተቀመጠች። ወላሂ፣ ራሳችሁን የያዛችሁ እሱ ነው። ቀን ሲያልፍ ባለቤቱ ትርፉን ያስገባል፣ ይለቃችኋል።»

ራሱን የያዘው ሁሉ ሳቀ።  የጠቀሰው ሻይ ቤት እኮ በየቀኑ አብረን የምንቀመጥበት ነው፤ ወንበሮቹን እኔም አይቻቸዋለሁ። እንዴት ለእኔ አልመጣልኝም? «የአገላለጽ ግልጽነት» በሚለው ፊት ከአምስት ሁለት ጻፍኩና ከታች «ሳይንሱን ወደ ተረት ያወርዳል» ብዬ ጨመርኩበት።

በሳምንቱ ተራው የእኔ ሆነ፤ እሱ ቅጹን ይዞ ከኋላ ተቀመጠ። ያንኑ ያልገባቸውን ትምህርት ልከልስላቸው በቀስቶቼ ጀመርኩ። ተማሪዎቹ ማዛጋት ሲጀምሩ ሳላስበው «ሻይ ቤት ከፈታችሁ እንበል» አልኩ። አንድም ወንበር ሳላስቀር የእሱን ደገምኩት። አንዲት ተማሪ «ቲቸር፣ ዛሬ ገባን» አለችኝ። ወደ ኋላ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ጠርቶ ቅጹን አሳየኝ። ከላይ እስከ ታች አምስት ነው። አስተያየት በሚለው ቦታ «የወንበሩ ምሳሌ በጣም ጥሩ ነው፤ ተማሪዎቹ ገብቷቸዋል» ይላል።

የተላክሁት እኔ ነኝ። ዲግሪዬን ይዤ ስመለስ እዚያው ክፍል አገኘሁት፤ ዛሬም እስከ ደጅ ይሸኙታል። የሞላሁበትን ሁለት ነግሬው አላውቅም። ቅናቱም አልለቀቀኝም። ያኔ በምሳሌው ነበር የምቀናበት፤ አሁን አምስት በጻፈበት እጁ።