ለሌላ ልጅ የመረጥኩት ፋኖስ

በ፲፱፻፷፬ ዓ.ም. በሕማማት ሰኞ፣ በጋምቤላ ከተማ፣ የፋሲካ ስጦታዬ እንዲሆን ራሴ የመረጥኩት የጠረጴዛ ፋኖስ ተገዛልኝ፤ በሳምንቱ፣ በፋሲካ ማግስት፣ ያው ፋኖስ በሌላ ልጅ ጠረጴዛ ላይ ሲበራ አገኘሁት። በደሉ ይኸው ነው። ትንሽ መሆኑን ከማንም በፊት እኔ አውቃለሁ፤ ትንሽነቱ ግን ከሃምሳ ዓመት በላይ ያለ መልስ እንዲቀመጥ በቂ ምክንያት ሆኖ አላገኘሁትም።

ነገሩን የቀሰቀሰው የቫርኒሽ ሽታ ነው። ዘንድሮም እንደ ልማዴ ለፋሲካ ከአዲስ አበባ ወደ እናቴ ወረድኩ። እናቴ ዛሬም የምትኖረው እኔ ባደግሁበት፣ ከባሮ ወንዝ ብዙም በማይርቀው ቤት ነው። ትናንት ለበዓሉ ክንድ ማሳረፊያ ያለው ወንበር ልገዛላት ይዣት ወጣሁ። ሻጩ አዲስ የተቀቡትን ወንበሮች መንገድ ዳር ፀሐይ ላይ ደርድሯቸው ነበር፤ ቫርኒሹ በሚያዝያ ሙቀት ላብ ያላበው ይመስላል፣ ሽታው ጉሮሮ ይይዛል። እናቴ በምርኩዟ የአንዱን እግር ነካ አድርጋ፣ «አንቺ ምረጪ፤ አንቺ ታውቂያለሽ» አለችኝ። ወንበር ሳንገዛ ተመለስን። ሙቀቱ አሞኛል አልኳት።

አባቴ የመንግሥት ጸሐፊ ነበር። ከጎሬ ወደ ጋምቤላ ሲዛወር ለአጭር ጊዜ ነው ብለውት ነበርና፣ እኛም ለአጭር ጊዜ እንደመጣ ሰው መኖር ጀመርን፤ ከዚያም እንዲሁ ቀረን። በዚያን ዘመን ከደጋ የወረደ ሠራተኛ ሁሉ ዝውውር ይጠብቅ ነበር፤ የእኛ ቤት ግን መጠበቁን የኑሮ ሥርዓት አደረገው። በዓል በመጣ ቁጥር አባቴ ለቤት የሚሆን አንድ ነገር ይገዛል። ቤት ሲባል የምንኖርበት ማለት አይደለም፤ ወደፊት ጎሬ ላይ የምንሠራው፣ በሰው ሁሉ አፍ ላይ ያለና በመሬት ላይ የሌለ ቤት ነው። ለአንዱ ገና ሶፋ መጣ፣ ለአንዱ መስቀል ባለ መስታወት ቡፌ፣ ለእንቁጣጣሽ ጫፉ በጥልፍ የተሠራ የጠረጴዛ ልብስ። ከሁለቱ ክፍሎቻችን ሰፊው ለዕቃው ተለቀቀና ተቆለፈ፤ ሦስታችን በጠባቡ ውስጥ እንተኛለን፣ እንግዳ ሲመጣ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፣ እኔ የቤት ሥራዬን በተገለበጠ የሳሙና ሣጥን ላይ እሠራለሁ። ሶፋው በጆንያ ተጠቅልሎ፣ ቡፌው በአንሶላ ተከናንቦ፣ ምስጥ እንዳይወጣባቸው እግሮቻቸው የተቃጠለ ዘይት በያዙ ጣሳዎች ውስጥ ቆመው፣ ከእኛ የተሻለ ኑሮ ይኖሩ ነበር።

የአጥራችን ጎረቤት አሪየት የምትባል የአኙዋክ ሴት ነበረች፤ ዓሣ እያጨሰች ትሸጣለች፣ አማርኛ የለመደችውም እዚያው ገበያ ላይ ነው። አንድ ቀን እናቴ ክፍሉን ለማናፈስ በሩን ስትከፍት አሪየት አንገቷን አስግጋ አየች።

«ያንቺ ወንበር ታሞ ነው? ለምን ተሸፍኖ ይተኛል?»

እናቴ የሶፋውን ጆንያ ማራገፏን ቀጠለች።

«ወንበር ተኝቷል፣ አንቺ መሬት ቁጭ ብለሻል። እንግዳው ማነው?»

«ሳቂ» አለቻት እናቴ፣ «አንቺ አገርሽ ነው።»

«አገሬ ነው» አለች አሪየት። «የምስጡም አገር ነው።»

በዚያ ዓመት የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና እወስድ ነበር። ቤታችን ኤሌክትሪክ አልነበረውም፤ የማነበው በኩራዝ ነው፤ ጠዋት ስነሣ አፍንጫዬ ውስጥ ጥላሸት፣ በደብተሬ ላይ የጋዝ ጠብታ አገኛለሁ። ስለዚህ በሕማማት ሰኞ እናቴ ወደ ሐጂ ኑሩ ሱቅ ወስዳኝ፣ «የፋሲካሽን ራስሽ ምረጪ፤ የፈለግሽውን» ስትለኝ ብዙ አላመነታሁም። ለበዓል ስጦታ ምረጪ የተባልኩት በሕይወቴ የመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ሐጂ ኑሩ ባለ ዘለበት ጫማ አወረዱ፣ ጃንጥላ ዘረጉ፣ አበባ ያለበት ቺት በክንዳቸው ለክተው አሳዩን። እኔ ግን ከላይኛው መደርደሪያ ጥግ የቆመውን፣ የናስ እግርና አረንጓዴ የመስታወት ጥላ ያለውን የካርቱም ፋኖስ በጣቴ አመለከትኩ።

«ጫማው ይሻልሻል ልጄ» አሉ ሐጂ። «ፋኖስ የትልቅ ሰው ዕቃ ነው።»

«ላነብበት ነው።»

«ይተዉአት ሐጂ፣ ራሷ ትምረጥ» አለች እናቴ። ከዚያም ወደ እኔ ዞራ፣ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «እርግጠኛ ነሽ? አንቺን የምታክል ልጅ ሁሉ ይህን ትወዳለች?» ብላ ጠየቀችኝ።

ትወዳለች አልኩ። ጥያቄው ስለ እኔ የተጠየቀ መስሎኝ ነበር።

ፋኖሱ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ወደ ተቆለፈው ክፍል ገባ፤ የፋሲካ ስጦታ በጾም አይነካም ተባልኩ። ያንን ሳምንት በሙሉ ከትምህርት ቤት ስመለስ ዐይኔን በበሩ ስንጥቅ ላይ እለጥፋለሁ፤ ጋዜጣው በቡፌው ራስ ላይ ጉብ ብሎ ይታየኛል። የት እንደማስቀምጠው፣ ጋዙን በምን እንደምሞላው፣ መስታወቱን በየትኛው ጨርቅ እንደምወለውል ሁሉ ወስኜ ነበር። አሪየት ከአጥሩ ማዶ አይታኝ፣ «ዛሬም አለ? አልሄደም?» እያለች ትቀልድብኛለች።

የፋሲካ ዕለት ጠዋት በስንጥቁ ሳይ ጋዜጣው የለም። እናቴን ጠየቅኋት። «ለጎሬው ቤት ሣጥን ውስጥ ታሽጓል፤ እዚያ ስንገባ ታበሪዋለሽ» አለችና አዲስ ነጠላ አለበሰችኝ። ተናደድኩ፤ ግን አመንኩ፤ በቤታችን መልካም ነገር ሁሉ የሚሄደው ወደዚያ ስለነበር ለማመን አልተቸገርኩም።

በማግስቱ የአባቴን አለቃ እንኳን አደረሳችሁ ልንል ሄድን። የበታች ሠራተኞች ሁሉ በዋዜማው ሙክት ይነዱላቸው ነበርና ግቢያቸው የበግ ገበያ መስሏል፤ የማን ሙክት የትኛው እንደሆነ ባለቤቱም የሚለይ አይመስለኝም። ሚስታቸው እትዬ አመለወርቅ እናቴን ከሌሎቹ ሴቶች አስበልጠው ከጎናቸው አስቀመጧት። እኔን ከልጃቸው ከሰብለ ጋር እንድጫወት ወደ ውስጥ ላኩኝ። ሰብለ እኩያዬ ናት፤ ተራራ የሚያህል ጠረጴዛ ነበራት፣ በጠረጴዛው ላይም በጠራራ ፀሐይ፣ ለማሳየት ብቻ፣ ፋኖሴ ይበራል።

«አንቺ ነሽ አሉ የመረጥሽልኝ» አለችኝ ሰብለ። «እግዜር ይስጥልኝ። ደስ ይላል።»

ልጅቱ ክፉ አልነበረችም፤ እጄን ይዛ ጥላው ላይ አስነካችኝ፤ ግሎ ነበር። እናቴ በበሩ በኩል ታየኛለች። «ምንም አይደለም አትያትም?» አለች፤ ፈገግታዋ ለእትዬ አመለወርቅ ነበር።

«ምንም አይደለም» አልኩ።

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ ከፊት፣ እናቴ ከኋላው፣ እኔ ከሁለቱም ርቄ በባሮ ዳር ሄድን። ሙክት ከሙክት እንደማይለይ፣ አለቃው የሚሰሙት ልጃቸውን ብቻ እንደሆነ፣ የዝውውሩ ነገር በእሳቸው ፊርማ እንደሚያልቅ የገባኝ በዚያ መንገድ ላይ ነው። የሱቁ ጥያቄም ያኔ ተከፈተልኝ፤ አንቺን የምታክል ልጅ ሁሉ።

ዝውውሩ አልመጣም። ክረምቱ ሳይገባ የተዛወሩት አለቃው ናቸው፤ ፋኖሱ ከሰብለ ጋር ወደ ደጋ ወጣ፣ እኛ ቀረን። ፈተናውን በኩራዝ አልፌ ለትምህርት ወጣሁ። መንግሥት ሲለወጥ አባቴ የጎሬውን ቤት ተስፋ ቆርጦ ክፍሉን ከፈተ፤ እኔም ለዕረፍት መጥቼ ነበር። የጣሳዎቹ ዘይት አልጎደለም፤ እናቴ በየጊዜው ሞልታዋለች። ነገር ግን ቡፌው እንዳይወድቅ ብላ ጀርባውን ከጭቃው ግድግዳ ጋር አጣብቃው ነበርና ምስጡ በግድግዳው ወጥቶ ከጀርባው ገብቷል። አባቴ መሳቢያውን ሳብ ሲያደርገው ቡፌው በቀለሙ ብቻ ቆሞ ኖሮ እንደ ዱቄት ፈሰሰ። ሶፋውም ከጆንያው በቀር ምንም አልነበረውም። አባቴ አቧራውን ከእጁ አራግፎ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ለበዓል ዕቃ ገዝቶ አያውቅም። መቃብሩ እዚሁ ጋምቤላ ነው።

ያጣሁትን በልኩ ልናገር። ፋኖሱን አይደለም፤ እስከ ሦስተኛ ዲግሪ በተሻለ ብርሃን አንብቤአለሁ። ያጣሁት ምን ትወጃለሽ ሲሉኝ የወደድኩትን መናገርን ነው። ሰው ምርጫዬን ሲጠይቀኝ ለማን ሊሰጠው ነው ብዬ አስባለሁ። አዲስ አበባ ያለው ቤቴ ከአልጋ፣ ከመጻሕፍትና ከአንድ ጠረጴዛ በቀር ምንም የለውም፤ ጓደኞቼ ቁጥብ ነች ይሉኛል። ሊያገባኝ የፈለገ ሰው የቤት ዕቃ አብረን እንምረጥ ብሎ ሱቅ ወስዶኝ ያውቃል፤ የሱቁን በር እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ፤ እሱም በኋላ ጥሪውን አልደገመውም።

እማዬ፣ ዝውውሩን ለምን እንደፈለጋችሁ እንድታስረጂኝ አልጠይቅሽም። ሙቀቱን፣ ወባውን፣ የአባቴን መዋረድ አውቃለሁ። ዘመኑ እንዲያ ነበር አትበዪኝ፤ ዘመኑን አጥንቼዋለሁ። ጆሮሽ ደኅና ነው፣ የማስታወስ ችሎታሽም ከእኔ ይሻላል። የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው። ያን ሰኞ ከቤት ስንወጣ፣ ሐጂ ኑሩ ሱቅ ሳንደርስ፣ የምመርጠው ዕቃ ለሰብለ እንደሚሄድ ታውቂ ነበር? ያሰብሽው በኋላ ከሆነ የእኔን ዕቃ ወስደሽብኛል፤ ያንን ይቅር ብዬሻለሁ። ቀድመሽ ታውቂ ከነበረ ግን ስጦታ የሚባል ነገር ለእኔ ታስቦ አያውቅም፤ የተወሰድኩት ለልክ ነው። ቅዳሜ ለፋሲካ ቅዳሴ ከመውጣትሽ በፊት፣ ሌላ ሰው በሌለበት፣ ታውቂ እንደነበር ወይም እንዳልነበር በአንድ ቃል ንገሪኝ።