ግሥ ሰርቄ የተያዝሁበት ቀን

ዛሬ መነጽሬን ልጠርግ ብዬ ከካፖርቴ ኪስ መሐረብ ያወጣሁ መስሎኝ የሰረቅሁትን ወረቀት አወጣሁ። ባለቤቱ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብላለች። እኔ ሆዬ ምንም አልጠረጠርሁም፤ አንዱን መስታወት በደንብ ወልውዬ ሁለተኛውን ጀምሬ ነበር።

የወረቀቱ ባለቤት የልጄ ልጅ ናት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ የመግቢያ ፈተናው ሳምንት ቀርቶታል። ወረቀቱ ላይ ዓመቱን ሙሉ የለቀመቻቸው ከባድ ከባድ የእንግሊዝኛ ግሦች ከነትርጉማቸው ተደርድረዋል። እኔ ደግሞ እዚሁ ደብረ ታቦር ዕድሜዬን በእንግሊዝኛ አስተማሪነት የጨረስሁ ጡረተኛ ነኝ። እንዲህ ያለ ሊቅ በቤቷ ተቀምጦላት፣ ግሡን የምታጠናው ጎረቤታችን ካሉት የቅኔ መምህር ዘንድ ነው። የኔታ እንላቸዋለን። ከእንግሊዝኛ አንዲት ፊደል አያውቁም።

ነገሩ የጀመረው በአጥር ነው። ልጅቷ ልብስ እያሰጣች ግሦቿን ስታጉተመትም የኔታ ሰሟትና፣ “ልጄ፣ ግሥ እንዲህ አይወረድም፤ ነይ” አሏት። ቅኔ ቤት የግዕዝ ግሥ የሚጠናው በቃል ነው። “ቀተለ፣ ገደለ፤ ቀደሰ፣ አመሰገነ” እየተባለ ከላይ እስከ ታች ይወረዳል። መምህሩ መጽሐፍ አይዙም፤ መጽሐፋቸው ጆሯቸው ነው። የእኔዋም መደብ ላይ ተቀምጣ “አሌቪዬት፣ አቃለለ፤ ሪሊንክዊሽ፣ ተወ” እያለች ታወርድ ጀመር። ስትሳሳት፣ “አይደለም፤ ትናንት እንዲህ አላልሽም” ይሏታል። በቃ፣ ጥበባቸው ይኸው ነው።

ከእኔ ጋር በሳምንት ዘጠኝ ግሥ ነበር የያዘችው። እሳቸው ዘንድ በአንድ ከሰዓት ሠላሳ። ለምን ቢባል፣ እኔ አንዱን ግሥ ሳስረዳ አንበሳሜ ተመድቤ ሳለሁ በቅሎ የጣለችኝን ታሪክ እጨምራለሁ፤ በቅሎዋ ሳትጥለኝ ግሡ አያልቅም። ይህን አውቃለሁ። ማወቅ ግን ቅናትን አያስታግስም። “የኔታ እንዲህ አሉ፤ የኔታ እንዲያ አሉ” እያለች ፊቷ ፈክቶ ስትገባ፣ የጎረስሁት ወጥ አፌ ውስጥ ይመረኛል።

ትናንት ወረቀቱን ከደብተሯ አውጥቼ፣ አጥፌ ኪሴ ከተትሁት። ወረቀት ከሌለ የኔታ ምን ይዘው ያስጠኗታል? ወደ እኔ ትመጣለች፤ እኔም ከራሴ አፍልቄ አጽፋታለሁ። ሐሳቤ ይህ ነበር።

ዛሬ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቤቱን ገለባበጠችው። የጤፉን ጆንያ ሳይቀር ዘረገፈችው። እኔም አብሬ ፈለግሁ፤ አልጋ ሥር ገብቼ አስነጠስሁ። ስወጣ እንባዋ ይወርዳል።

“አባባ፣ በቃ ወደቅሁ። እንደገና የምለቅምበት ጊዜ የለኝም” አለች።

እጄም ወደ ኪሴ ሄደ። “አይዞሽ፣ እኔ እያለሁልሽ” ብዬ ሳልጨርስ ነጠላዋን አንሥታ ወደ የኔታ ሮጠች። እጄን ባዶውን መለስሁት።

ተከትያት ገባሁ። የኔታ ነገሩን ሰምተው አልደነገጡም። “እስክሪብቶ ያዢ” አሉና ዓይናቸውን ጨፍነው ማውረድ ያዙ። የማያውቁትን ቋንቋ፣ ከነትርጉሙ፣ ከአንደኛው ጀምረው፣ ሳይደናቀፉ። እሷ ትጽፋለች። እኔ በር ላይ ቆሜ፣ አንድ ቦታ እንዲስቱ ስለት መሳል ነበር የቀረኝ።

ሊጨርሱ ሲሉ ቆሙ። “እዚህ ላይ አንዲት ጎድላለች” አሉ። ልጅቷም ጠፋባት። ሁለቱም ዞረው እኔን አዩ።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንደዚያ ያየኝ ሰው የለም። ሊቅ ሲጠየቅ ደግሞ እንዲያው አይቸኩልም። ከፊቷ ተቀመጥሁ፣ ጉሮሮዬን ጠረግሁ፣ መነጽሬን አወለቅሁ፣ እጄን ኪሴ ከተትሁ።

“አባባ” አለች፣ የእጇን ጽሑፍ መነጽሬ ላይ ሲመላለስ እያየች። “አልጋ ሥር አብረን ፈለግን እኮ።”

“አዎ፤ እዚያ አልነበረም” አልሁ።

የኔታ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ጫፍ አፈኑት። እሷ አልሳቀችም። “ብወድቅስ ኖሮ?” አለች ቀስ ብላ።

“ቀንቼ ነው” አልኋት። “በየኔታ። በዚህ ሽበቴ።”

ወረቀቱን ተቀብላኝ በጉልበቷ ላይ ታስተካክለው ጀመር። የኔታ በመካከላችን ገቡ።

“መምህር፣ ይህች ልጅ አወራረዱን ይዛለች። የቱ ግሥ የት እንደሚገባ ቢጠይቁን ግን እኔም አላውቅ፣ እሷም አታውቅ። ፈተናው የሚጠይቀው ምኑን ነው?”

“የት እንደሚገባ ነው” አለች፣ ሳትወድ በግድ።

“እንግዲያ አንቱም ከዚሁ ይዋሉ። እኔ ሳወርድ አገባቡን ይንገሯት።”

“በቅሎዋን ግን እንዳያነሷት፣ አባባ።”

ጀምበር እስክታዘቀዝቅ እንዲያ አደረግን። በቅሎዋ ሁለቴ አፌ ድረስ መጥታ ተመለሰች። ልጅቷ አገባቡን ከእኔ ሰምታ፣ ስትመልስ ግን የምታየው የየኔታን ፊት ነው። አልዋሽም፣ ይቆጠቁጠኛል። ቢሆንም ከዕለቱ ሠላሳ ግሥ ሃያ ስድስቱን ያለ ስሕተት በዓረፍተ ነገር አስገባች።

ለመሄድ ስንነሣ የኔታ በመቋሚያቸው ጓሮውን አመለከቱኝ። እሳቸው ዘንድ ከጓደኛው የሰረቀ ተማሪ ጅራፍ አይቀምስም፤ እንጨት ይፈልጣል።

“ዛሬ ተማሪ ሆነው ውለዋል” አሉኝ፣ መጥረቢያውን እያቀበሉኝ።

ልጅቷ ላግዛቸው ብትል፣ “አንቺ አጥኚ” ብለው መለሷት። ያን ጊዜ ሳቀች፤ በእኔ ላይ መሆኑን ባውቅም ደስ አለኝ።

የሚፈለጠው ከጋፋት በኩል የመጣ የወይራ ጉቶ ነው። ከእኔ ይበረታል። ወገቤን ይዤ፣ እያረፍሁ፣ እያቃሰትሁ ግማሹን ፈለጥሁ፤ ከዚያ የሰኔ ዝናብ መጥቶ ገላገለኝ። የቀረውን ግማሽ ለየኔታ ገና አልከፈልሁም።