ኮርኒስ አጎንብሶ

ባሌን ሰፈሩ ሁሉ «ኮርኒስ» ነው የሚለው። ቀለም ቀቢ ነው፤ ግድግዳውን ለሌሎች ትቶ ኮርኒስ ብቻ ሲቀባ አረጀ። ሰው ቤት ስንጋበዝ ሰላምታውን ሳይጨርስ አንጋጦ የሰው ጣሪያ ይመረምራል። «እዚህ ጋ ውሃ ገብቷል» ይላል፤ እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጣለሁ። ወለሉ ላይ ለሚያንጠባጥበው ቀለም ግን ግድ የለውም። ከቤታችን ወለል ላይ የምፍቀው እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ ቆሻሻ ማየት አልችልም፤ በረሮ ያየሁ ቀን እህል በጉሮሮዬ አይወርድም።

ግራ ዓይኑ ኖራ ገብቶበት የጠፋው ገና ሳንጋባ ነው። በቀኙ ብቻ ሲሠራ ኖሮ አንድ ጠዋት አፍጥጦ እያየኝ «ፊትሽ የታለ?» አለኝ። ዳር ዳሩን ያያል፣ መሃሉን ግን ጥቁር ነገር ጋርዶታል። ሐኪሟ ሬቲና ከሚባለው የዓይን ስስ ሽፋን ሥር ደም ፈሷል አለችን። ትንሽ ጋዝ በመርፌ ዓይኑ ውስጥ ትከታለች፤ እሱ ቀንም ሌሊትም ፊቱን ወደ መሬት ከደፋ፣ አረፋው ወደ ላይ ሲወጣ ደሙን ከመሃል ይገፋዋል። ደሙ እዚያው ከሰነበተ ግን ማያው ይሞታል፣ ተመልሶም አይበራም። እኔ መርፌ ዓይን ውስጥ ይገባል ሲባል ፊቴን አዞርኩ። እሱ ግን ወዲያው ገባው፤ ግንበኛ ደረጃ በሚለካበት ውሃ ልክ ውስጥ እንዳለችው አረፋ ነው አለ።

መርፌውን ተወግቶ የተኛበት የሆስፒታል ክፍል ያስጠላል። አጠገቡ የተኙት ሽማግሌ አክታቸውን ከጣሳው ውጭ ይተፋሉ። አልጋው ሥር የማን እንደሆነ የማይታወቅ ፀጉር ከደረቀ ፋሻ ጋር ተጣብቋል። የፅዳት ሠራተኛዋ አንድ ባልዲ ውሃ ይዛ ከክፍል ክፍል እየዞረች ቆሻሻውን ለሁሉም እኩል ታካፍላለች። እኔ አፍንጫዬን ይዤ በር ላይ እቆም ነበር።

ባሌ ወንበር ላይ ተቀምጦ ግንባሩን አልጋው ጠርዝ ላይ አስደግፎ ያጎነብሳል። ንፍጡና ለሃጩ ይዝረበረባል፤ እጠርግለታለሁ፣ እንደገና ይዝረበረባል። ይሁን፣ ይህንንስ ቻልኩት። ያቃጠለኝ አመሉ ነው። ክፉ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይባል የለ? ከኮርኒሱ የተላጠ ቀለም ማጅራቱ ላይ ወደቀና ቀና ብሎ አንጋጠጠ። ሐኪሟ ደረሰችበት።

«አባቴ፣ እንዲህ ከሆነ መርፌውን በከንቱ ነው የወጋሁዎት» አለችው።

አፈረ። እሷ ከወጣች በኋላ ግን እኔ ባናገርኩት ቁጥር አንገቱ ቀና ይላል። ተቆጣሁ፤ ዓይንህን በገዛ እጅህ ልትቀብረው ነው ወይ አልኩት።

«ስታወሪኝ ፊትሽን ካላየሁ አልችልም» አለ።

የማይታየውን ፊቴን ማለቱ ነው። ወለሉን አየሁት። የሽማግሌው አክታ ገና አልደረቀም። እያንገሸገሸኝ ቀሚሴን ሰብስቤ እግሩ ሥር፣ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። እርጥበቱ እስከ ገላዬ ዘለቀ።

«በል፣ ፊቴ እዚህ ነው» አልኩት።

ከዚያ ወዲያ ቦታዬ እዚያው ወለሉ ላይ ሆነ። ለሃጩ ግንባሬ ላይ ይንጠባጠባል፤ እኔ የሰፈሩን ወሬ አወራለታለሁ፣ ሲያልቅብኝም እፈጥራለሁ። ምን ይታይሃል ስለው መልሱ ያው ጥቁር ነው። ማታ ቤት ገብቼ ገላዬን እስኪቀላ እፈገፍጋለሁ፤ ሽታው አይለቀኝም። ጠዋት ተመልሼ ያው ወለል ላይ እቀመጣለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወሬዬን አቋረጠኝ።

«ጉልበትሽ ላይ በረሮ አለ።»

በጨርቁ ላይ ስትሄድ ታውቆኛል። ገላዬ በሙሉ ተነሽና ዝለይ አለኝ። እኔ ብዘል እሱም ቀና ይላል።

«በዳር ነው በመሃል የምታያት?» አልኩት።

ዓይኑን ጨፈነና ገለጠ። ከዚያ «በመሃል» አለ። «አንደኛው ፂሟ ተቆርጧል።»

ጥርሴን ነክሼ ቁልቁል አየኋት። እውነትም ተቆርጧል። በቀሚሴ ላይ ሽቅብ መውጣት ጀመረች።

«ወዴት እየሄደች ነው?» አልኩት።

«ወደ ሆድሽ። ላራግፍልሽ?»

«እንዳትነካት» አልኩት። «ዝም ብለህ እያት።»