ዘገዬ እና የፍሬን ዘይቱ ክዳን

መጀመሪያ እጁን በሳሙና ይታጠባል። ዘገዬ ግሪስ በነካው እጅ ፍሬን አይነካም። የፊቱን ዲስክ በአልኮል ይጠርጋል፤ ጨርቁ ላይ ጥቁር ነገር እስኪጠፋ፣ ሦስቴም ቢሆን አራቴ። አዲሱን የፍሬን ሸራ ያስገባል። ከአየር ማስወጫው ቡሎን ላይ ቀጭን ቱቦ ይሰካና ጫፉን ዘይት ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ይነክረዋል። በቀኝ እጁ የፍሬኑን እጀታ ይጨብጣል፤ በግራው ቡሎኑን ሩብ ዙር ይፈታል። ቡናማው ዘይት ከነአረፋው ይወርዳል። ቡሎኑን መልሶ ያጠብቃል፣ እጀታውን የሚለቀው ከዚያ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ከለቀቀ የወጣው አየር ተመልሶ ይገባል። አራት አምስት ጊዜ እንዲህ ካደረገ በኋላ የላይኛውን ቋት ከዘይቱ ጠርሙስ ይሞላና የጠርሙሱን ክዳን ይዘጋል። የዘጋውን ክዳን እንደገና ያጠብቀዋል።

"አቦ ዘገዬ፣ ሽቶ ነው እንዴ? ምን እንዲህ ታፍነዋለህ?" ይለዋል ሰማታር።

ሞተር ብስክሌቱ የሰማታር ነው። በሳምንቱ ቀናት የጉምሩክ ወረቀት ሲያስጨርስ ይውላል። እሁድ ጠዋት ከጓደኞቹ ጋር ከከተማ ወጣ ብሎ በሽቦ የታጠረ አሮጌ የአስፋልት ሜዳ ይከራዩና በፍጥነት ይዞራሉ። ለዚህ ሥራ የመንገድ ፍሬን አይበቃም፤ አንዴ የሚያቆም ሳይሆን ሃያ ጊዜ ያለማሰለስ የሚያቆም ፍሬን ይፈልጋል።

ታይዋን ከሚባለው ገበያ ጀርባ ካለችው የዘገዬ ጋራዥ ጎን ሻይ የምትሸጠው ሀምዲያ የሰማታር እናት ናት። አሥራ አንድ ዓመት ጎረቤት ናቸው። ቀትር ላይ ፀሐዩ ሲከር ከቢጫ ጀሪካኗ ውሃ በመዳፏ እየቀዳች ደጁን ትረጫለች፤ በመጀመሪያ የዘገዬን ደጅ፣ ቀጥሎ የራሷን።

"ቀልጠህ እንዳታልቅብኝ ነው" ትለዋለች።

አምና ግን አንድ ነገር ሆነ። ዘገዬ የዚህኑ ሞተር ፍሬን እየሠራ ስልክ ተደወለለትና ወደ ውስጥ ገባ። ጠርሙሱ ደጁ ላይ፣ መሬት ላይ፣ ክዳኑ ተከፍቶ ቀረ። ሲመለስ ደጁ ርሷል፤ እሱም ልብ ሳይል ዘይቱን ሞላ። እሁድ በአሥራ አንደኛው ዙር ፍሬኑ ጋለ፣ ዘይቱ ውስጥ የገባው ውሃ ፈልቶ እንፋሎት ሆነ። ሰማታር ቢጨብጥ እጀታው ባዶውን መጣለት። አሸዋው ላይ ተንከባለለ፤ የአንገት አጥንቱ ተሰበረ።

ዘገዬ የተረፈውን ዘይት በቆርቆሮ ምድጃ ላይ ጣደው። ገና ሳይግል ተንጣጣ። ያን ጊዜ የረጠበው ደጅ ትዝ አለው። ለሰማታር "ክዳን ሳልዘጋ ሄጄ ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው" አለው። ስለ ውሃው ትንፍሽ አላለም።

ሰማታር ድኖ ሞተሩን መልሶ ያመጣው ለዚያው ለዘገዬ ነው። ቅዳሜ ቀትር ሀምዲያ ጀሪካኗን ስታነሳ ዘገዬ ጠርሙሱን በሁለት እጁ እቅፍ አደረገው።

"ዘገዬ፣ ውሃ ስረጭ ለምንድን ነው እሱን የምታቅፈው?"

"አቧራ እንዳይገባበት።"

"ውሃ አቧራ ያነሳል እንዴ? ዋላሂ፣ አራት ልጅ አሳድጌያለሁ፤ ውሸት ሩቅ ሆኜ ነው የማውቀው።"

ዘገዬ መጀመሪያ ቡሎኑን አጠበቀ። ከዚያ የአምናውን ነገራት። "ክዳኑን መዝጋት የኔ ሥራ ነበር፤ አንቺ ደጄን ነው ያበረድሽልኝ" አላት።

ሀምዲያ ጀሪካኑን መሬት አስቀመጠች። ብርጭቆዎቿን ሰብስባ በጠራራ ፀሐይ ወደ ቤቷ ሄደች።

እሁድ ሜዳው ድረስ መጣች፤ መጥታ አታውቅም። ዘገዬን ሰላም ሳትለው አጠገቡ ሽቦውን ይዛ ቆመች። ሰማታር መጀመሪያ ሸራው ከዲስኩ ጋር እንዲላመድ ፍጥነቱን ከስልሳ ወደ አሥር ኪሎ ሜትር እያወረደ በለሰለሰ ፍሬን ደጋግሞ ሄደ። ከዚያ ለቀቀው። ሀምዲያ ዙሩን በጣቷ ትቆጥራለች። አሥራ አንደኛው ላይ ጣቶቿ ሽቦው ላይ ነጡ፤ የዘገዬ ቀኝ እጅ ደግሞ ባዶ አየር ጨበጠ። የሞተሩ አፍንጫ ዝቅ አለ፣ ፍጥነቱ ተሰበሰበ፣ ጥምዝምዙን በሰላም ዞረ።

ሰማታር ሃያ ዙር ጨርሶ ሲመጣ እናቱን "ሆዮ፣ አንቺን ማን አመጣሽ?" አላት።

"የቆመልህ ፍሬን።"

ዘገዬ እጀታውን ሊሞክር እጁን ሲሰድ ቀደመችው። ጨበጠችው፤ ቅዳሜ ዘገዬ ከተወበት ፈቀቅ አላለም፣ ድንጋይ ነው። "ደህና ፍሬን ማለት ይኸው ነው?" አለችው።

"ይኸው ነው።"

ሳትለቀው ቆየች። በሌላ እጇ የዘገዬን ክንድ ያዘች።

ሰኞ ሻዩ ተመለሰ። ውሃው ግን አልተመለሰም። ይኸው ሁለት ወር፣ የዘገዬ ደጅ እንደ ምጣድ ይፋጃል። ቀትር በደረሰ ቁጥር "ክዳኑ ተዘግቷል፣ ርጪ!" ይላታል፤ እሷ የታጠበ ብርጭቆ መልሳ ታጥባለች።

ታሪኩ ሊጻፍ መሆኑን ሲሰማ ዘገዬ ስለ ሙያው ምንም እንዲጻፍለት አልፈለገም። የጠየቀው ይህን ብቻ ነው፦ "የሚያነቡት ሰዎች በኛ በኩል ካለፉ ከሀምዲያ ሻይ ይጠጡ። ሲነሱ 'ዘገዬ ክዳኑን ዘግቷል፣ ሁለቴ አጥብቋል፤ ውሃሽን ርጪ' ይበሉልኝ። እኔን አልሰማ ብላኛለች። ሰው ሲበዛባት እሺ ትል ይሆናል።"