ሱፍ ነው ያልኳት ወተት

ባለቤቴ ካረፈ አርባው አልፎ፣ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ከተመለሰ ወዲህ እህል አልወርድ ስላለኝ፣ ልጄ ሣራ ትናንት ከሰዓት በኋላ መብራት እስኪመጣ ጠብቃ ሙዝና ወተት በመፍጫው አሽከርክራ፣ አረፋው ከላይ የቆመ አንድ ብርጭቆ ሚልክሼክ አቀረበችልኝ። «እማዬ፣ ይሄ እኮ ምግብ አይደለም፣ መጠጥ ነው፤ ለእኔ ብለሽ» አለችኝ። ብርጭቆውን ወደ አፌ ሳስጠጋው የበሰለ ሙዝና የትኩስ ወተት ሽታ አንድ ላይ መጣብኝና ሳልቀምሰው አስቀመጥኩት። ሐዘኑ ነው ብላ ብርጭቆውን አነሣችው። ሐዘንስ ሐዘን ነው፤ የትኛው እንደሆነ ግን አልነገርኳትም።

እንዲህ ያለውን መጠጥ እኔ በዚሁ በጂንካ፣ በደርግ ዘመን፣ ስሙን ሳላውቅ በቅል እየናጥኩ እሠራው ነበር። ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። አባቴ ቀደም ብሎ ስለሞተ፣ ከደጋ ለንግድ አብራው የመጣችው እናቴ ጨው፣ ሳሙናና ላምባ በምትሸጥባት ጠባብ ሱቅ እኔንና ታላቅ ወንድሜን ግርማን ታሳድገን ነበር። ቤታችን ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ነበር። ሜዳው ሣር ስለሆነ የሰፈሩ ከብት ሁሉ እዚያ ይውላል፤ የአውሮፕላን ድምፅ ሲሰማ እኛ ልጆች ዱላችንን ይዘን ላሞቹን ለማባረር እንሮጣለን፣ አብራሪው ሜዳው እስኪጸዳ ከላይ ሲዞር ደግሞ መንግሥት የቀጠረን ይመስል ደረታችንን እንነፋለን። ከሁላችንም ፈጣኑ ግርማ ነበር።

ለብሔራዊ ውትድርና የወሰዱትም ከዚያው ሜዳ ዳር፣ በጭነት መኪና ጭነው ነው። እናቴ መኪናው ከዓይን እስኪጠፋ አላለቀሰችም። ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ ቆመች፣ ፊቷን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዞረችና፣ ልጇ በሕይወት እስኪመለስላት ድረስ ከጾም አንዲት ቀን ላትገድፍ ተሳለች። ነጠላዋን ይዤ አጠገቧ ቆሜ እያንዳንዱን ቃል ሰምቻለሁ።

በተከታዩ ዓመት ሁዳዴ ሲገባ ታመመች። ሳሉ ጎኗን ይዞ ያጎብጣት ነበር፤ ወዟ ጠፍቶ የጣቷ ቀለበት ራሱ ይወልቅ ጀመር። ሐኪም ቤት መድኃኒት ሰጧትና፣ ወተትና እንቁላል ካላገኘች ግን ሰውነቷ መድኃኒቱን እንደማይችለው ነገሯት። የነፍስ አባቷ አልጋዋ ድረስ መጥተው «ልጄ፣ ለበሽተኛ ተፈቅዷል፤ እኔ ፈትቼሻለሁ» አሏት።

«ለእኔስ ይፍቱልኝ አባ። ለግርማ ማን ይፈታለታል?»

አባ መስቀላቸውን አሳልመዋት ወጡ።

ከዚያ በኋላ አፏ የሚቀበለው የሱፍ ውሃ ብቻ ሆነ። ሱፍ ታምሶ፣ ተወቅጦ፣ በውሃ ሲጠለል እንደ ወተት ይነጣል። እኔም ያንን እየጠለልኩ ሳቀርብላት ነው፣ አንድ ቀን፣ ንጣቱን አይቼ ያ ሐሳብ የመጣልኝ።

ጎረቤታችን እትዬ ማርታ የአገሩ ተወላጅ፣ የአሪ ሰው ነበሩ፤ ጴንጤ ስለሆኑ ሁዳዴ አይመለከታቸውም፤ ሁለት ላም ነበራቸው። የደጋ ሰው በጾም ወተት ስለማይገዛቸው በዚያ ሰሞን ወተቱ ይተርፋቸዋል። ውሃ ልቀዳልዎት፣ እርስዎ ወተት ይስጡኝ ብዬ ስነግራቸው፣ ለማን እንደሆነ ሳልነግራቸው ገባቸው።

«የግርማ እናት ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«ኧረ አንቺ ልጅ!» አሉና በእጃቸው አፋቸውን ይዘው ሳቁ። ወዲያው ሳቁን ትተው «ወተት ምን አደረገ? ወተት ሰው ገደለ እንዴ?» ብለው ቅሉን ሰጡኝ።

ሙዙን በማንኪያ አድቅቄ ቅሉ ውስጥ ከወተቱ ጋር ጨመርኩት፤ ከቀበሌ ሱቅ በካርድ ከምናገኛት ስኳርም ትንሽ ቆንጠር አድርጌ። ከዚያ እዚያው እትዬ ማርታ ደጃፍ ተቀምጬ፣ እንደ እሳቸው ቅሉን ጭኔ ላይ አስተኝቼ መናጥ ጀመርኩ። በጣም ስለፈራሁ ይሁን በጣም ስለጓጓሁ፣ ማቆሚያውን አላወቅኩም። እትዬ ማርታ ከጓሮ ሆነው «የግርማ እህት! ቅል ነው እንጂ ከበሮ አይደለም!» ብለው ጮኹብኝ። የትናንት ወተት ተቀላቅሎበት ኖሮ ስገለብጠው ቢጫ የቅቤ እንክብል ከላይ ተንሳፈፈ። የሱፍ ውሃ ቅቤ እንደማያወጣ ሕፃንም ያውቃል። አንድ በአንድ በጣቴ እየለቀምኩ፣ የምጥልበት ቦታ ስላጣሁ ላስኩት፤ ጾሜን የገደፍኩት እንደዚያ፣ ጣቴን እየላስኩ ነው።

እናቴ ተቀብላኝ ጠጣች። ሕመሙ አፍንጫዋን ደፍኖት፣ ጣዕም ከምላሷ ጠፍቶ ነበር።

«ዛሬ ሱፉ ወፍሯል።»

«ሙዝ ጨምሬበት ነው።»

«ጎበዝ። ግርማ ሲመጣ ለእሱም ትሠሪለታለሽ።»

ደብረ ዘይት ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ከምኩራብ ሳምንት ሰኞ ጀምሮ በየቀኑ አጠጣኋት። በእጄ እያዳንኳት እንደሆነ እያየሁ ነበር፤ ጉንጯ ሞላ፣ ሳሏ ራቀ፣ ትራሷን ተደግፋ መቀመጥ ጀመረች። ደብረ ዘይት አልፎ፣ ጾሙ ከተጋመሰ በኋላ፣ አንድ ጠዋት ጽዋውን ከአፏ አጠገብ አቆመችው። ከመዳኗ የተነሣ ማሽተት ችላለች። እትዬ ማርታ ቅላቸውን በወይራ ጭስ ያጥኑታል፤ ያ ጭስ ደግሞ የወተት ቅል እንጂ የሌላ የምንም ሽታ አይደለም።

አልጮኸችብኝም። ጽዋውን መሬት ላይ አስቀመጠችው።

«አስገደፍሽኝ» አለችኝ።

ስንት ቀን እንደሆነ አልጠየቀችኝም፤ መልሱን የፈራች ይመስለኛል። መድኃኒቷን ጨርሳ ተነሣች፤ የሰፈሩ ሰውም ጾሟ አዳናት እያለ ሲያመሰግን እሷ ዓይኗን መሬት ላይ ትተክላለች። ከዚያ ወዲያ ስሠራው ቆማ ያላየችውን ነገር ከእጄ አልጠጣችም።

ሦስት ዓመት ሆነ። መንግሥት ሲለወጥ ወታደሩ በእግሩም በመኪናም እየተመለሰ፣ እናቴ ሱቋን ዘግታ መንገድ ዳር መቆም ጀመረች። በመጨረሻ ከግርማ ጋር በአንድ መኪና የተጫነ የሰፈራችን ልጅ መጣ። ዱካ ላይ አስቀምጠነው፣ ውሃ ሰጥተነው፣ ብርጭቆውን ባዶውን እያዟዟረ ነገረን። ወንድሜ የወደቀው እናቴ በታመመችበት በዚያው ዓመት ሁዳዴ፣ ለደብረ ዘይት ዋዜማ ነው።

ለቀስተኛው ቀስ በቀስ ከሄደ በኋላ እናቴ ወደ እኔ ዞረች። ሦስት ዓመት ያልጠየቀችኝን ጠየቀችኝ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያጠጣሽኝ?»

«ከደብረ ዘይት በኋላ ነው እማዬ። ሁለት ቀን ብቻ።»

ከእሷም ከእኔም ላይ ሸክም ያነሣሁ መስሎኝ ነበር። ስለቷ ሳይፈርስ ነው የሞተው፣ ማንም አልገደለውም ማለቴ ነበር። እሷ ግን በጣቷ ቀኑን ስትቆጥር ቆየችና «እንግዲያ እሱ ሲወድቅ ጾሜ ሙሉ ነበር» አለች። ድምፅዋ ውስጥ መጽናናት ፈለግኩ፤ አልነበረም።

ፍልሰታ ሲገባ፣ በመጀመሪያው ቀን ጠዋት፣ እትዬ ማርታ ዘንድ ልካኝ ወተት አስመጣች። ዱካዋን ወደ ሱቁ በር አውጥታ፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ሰው ሁሉ እያያት፣ እስከ መጨረሻው ጠጣችው። ነጠላቸውን ያጣፉ ሴቶች እያማተቡ አለፉ። እስክትሞት ድረስ ዳግመኛ አልጾመችም፤ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍም አልደረሰችም።

እውነቱን ብነግራት ፈጣሪዋን እመልስላታለሁ፤ ግን የልጇ ገዳይ እሆናለሁ። ስንት ጊዜ ልነግራት ተነሥቼ ተቀመጥኩ። በአልጋዋ ላይ ሆና በመጨረሻዋ ሳምንት እንኳ፣ አባን እናስመጣልሽ ስንላት ፊቷን ወደ ግድግዳ ስታዞር፣ አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት።

የነገርኩት ለባለቤቴ ብቻ ነው፣ በተጋባን በዓመቱ። ከዚያም በኋላ ሁዳዴ በገባ ቁጥር እንደ አዲስ እነግረዋለሁ፤ እሱም ሰምቶት እንደማያውቅ ሆኖ እስክጨርስ ያዳምጠኝና በመጨረሻ አንድ ነገር ብቻ ይለኛል፦ «ልጅ ነበርሽ»። አምኜው አላውቅም። ቢሆንም ያ ቃል ለአንድ ዓመት ያቆየኛል፣ በዓመቱ ደግሞ ይደግምልኛል። እንግዲህ ሁዳዴ ሊገባ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ ልጅ እንደነበርኩ የሚነግረኝ ሰው ግን የለም።