የመድና የድምፅ ፈተና

በስልሳ አምስቱ ረሃብ መድና እናቷን ኑርጃንን ደግፋ ከመካነ ሰላም ተነሣችና በአሥረኛው ቀን ደሴ ገባች። አዲስ አበባ ያለ አንድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ድምፃውያንን ደሴ ላይ እንደሚፈትን በራዲዮ ሰምታ ነበር። መስፈርቱን በቃሏ ይዛዋለች፤ ስምንተኛ ክፍልን መጨረስ፣ የሰሙትን ዜማ ሳይስቱ መድገም፣ አንድ ድምፅ ሳያቋርጡ እስከ አሥራ ሁለት ቆጠራ መያዝ። ላለፈ ሰው ትምህርት ቤቱ ምግብና መኝታ ይሰጣል።

እናቷን ከፈተናው ግቢ አጥር ሥር አስቀምጣ ገባች። መንዙማ ስትጀምር ፈታኙ ብዕሩን አስቀምጦ አዳመጣት። በፒያኖ የመታላትንም ዜማ አንድ ሳትስት መለሰችለት። ድምፅ ያዢ ሲላት ግን አምስት ላይ ትንፋሿ ከዳትና ግድግዳውን ተደገፈች።

«እህል ከቀመስሽ ስንት ቀንሽ ነው?» አላት።

መልሷን ሳይጠብቅ ከቦርሳው ዳቦ አውጥቶ ሰጣት። «ይችን ብይና ከሰዓት ትደግሚዋለሽ። ድምፅስ አለሽ፤ ወረቀቱ ግን አሥራ ሁለት ይላል።»

ወጥታ ዳቦውን በውኃ እያራሰች እናቷን አጎረሰቻት።

«አንቺስ ልጄ?»

«እኔ ውስጥ በልቻለሁ፤ ወላሂ!»

ከሰዓት ቆጠራው ሰባት ሲደርስ ድምፅዋ ተቆረጠ። ፈታኙ አንገቱን ደፍቶ ስሟን ሰረዘ።

«እንዴት ሆንሽ?» አለች ኑርጃን።

«ተቀበሉኝ፣ እማ።»

«አልሐምዱሊላህ!» ብላ የልጇን እጅ ሳመች።

በሦስተኛው ቀን ኑርጃን ከተማው ዳር ባለው የረሃብተኞች መጠለያ ውስጥ አረፈች። መድና ከቀብር ተመልሳ እህል ከሚታደልበት ሰልፍ ገባች። ከዚያ ወዲያ መንዙማ ስትል የሰማት የለም።