ኪሎው ሲዘገይ

የስፖርት መምህር ነኝ። ቆቦ ውስጥ ይህን ስናገር ሰው ሳቁን የሚይዝበት ጊዜ ነበር፤ መቶ ስድሳ ሁለት ኪሎ እመዝን ነበርና። ተማሪዎቼን የማስተምረው ሜዳው ዳር ካለው የሮቃ ዛፍ ጥላ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ፊሽካዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ነበር። «ሩጡ» እላለሁ፣ ይሮጣሉ። «ዝለሉ» እላለሁ፣ ይዘላሉ። አዘላለሉን ማሳየት ሲያስፈልግ ከተማሪዎቹ ጎበዟን እጠራለሁ። በወጣትነቴ ለወረዳው ቡድን ተከላካይ ሆኜ መጫወቴን የሚያውቁት እኩዮቼ ብቻ ነበሩ። እነሱም አያነሱብኝም፤ ያፍሩልኝ ነበር መሰለኝ።

ውፍረቱ በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። ጉልበቴን ተጎድቼ ጨዋታ አቆምኩ፤ መብላቱን ግን አላቆምኩም። በእኛ አገር ደግሞ ለሚወፍር ሰው «ተመቸው» ይባልለታል እንጂ የሚያዝንለት የለም። ሚኒባስ ስሳፈር የሁለት ሰው ቦታ ይዤ የሁለት ሰው ሒሳብ እከፍል ነበር። ከዓመታት በኋላ ስኳር መጣ፣ የደም ግፊት ተከተለ። ያኔም ነገ ዛሬ እያልኩ ቆየሁ።

ቁርጥ ውሳኔ ያስወሰነኝ ሌላ ነገር ነው። በጦርነቱ ጊዜ አንድ ጠዋት ከተማው ለመሸሽ ወጣ። መኪና አልነበረም። ሰው ልጁን አዝሎ፣ ያለውን ተሸክሞ በእግሩ ሄደ። እኔና ባለቤቴም ወጣን። ከከተማው ብዙ ሳንርቅ ግን ጉልበቴ ከዳኝና መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

«አንቺ ሂጂ፣ እኔ ቀስ ብዬ እመጣለሁ» አልኳት።

«የት ነው የምሄደው?» አለችና ከአጠገቤ ተቀመጠች።

ጎረቤቶቻችን በፊታችን እያለፉ ሄዱ። እኛ ተመልሰን ቤታችንን ዘግተን ሰነበትን። ክፉ ነገር አልደረሰብንም፤ ተመስገን። ነገር ግን ከእኔ ጋር የቀረችው መራመድ ስላቃተኝ መሆኑን አንድም ቀን ረስቼው አላውቅም። ሰላም ሲሆንና መንገዱ ሲከፈት አዲስ አበባ ሄድኩና ጨጓራ በኦፕራሲዮን የሚያሳንስ ሐኪም ዘንድ ቀረብኩ።

ሐኪሙ ረጋ ያለ ሰው ነበር። ጨጓራዬን አብዛኛውን ቆርጦ እንደሚያወጣውና የሚቀረው አንድ ሙዝ የሚያህል ብቻ እንደሆነ ወረቀት ላይ ሥሎ አሳየኝ። ከዚያ፣ «መጀመሪያ ላይ ኪሎው ቶሎ ቶሎ ይወርዳል፤ ኋላ ይዘገያል። አልፎ አልፎም ጭራሽ ይቆማል። ያን ጊዜ እንዳይደነግጡ» አለኝ። እሺ አልኩ። የሰማሁት ግን «ቶሎ ቶሎ» የሚለውን ብቻ ነበር።

ኦፕራሲዮኑ በሰላም አለቀ። ቆቦ ስመለስ ቤታችን ያለው ሚዛን ከመቶ ሃምሳ በላይ ስለማያነብ፣ የምመዘነው ጎረቤታችን ከሆነው እህል ነጋዴ መጋዘን ገብቼ ማሽላ በሚመዘንበት ሚዛን ላይ ነበር። በሁለት ሳምንት ውስጥ አሥራ ሁለት ኪሎ ወረድኩ። የምወስደው ቀጭን ሾርባ፣ ወተትና በደንብ የተጠለለ አጥሚት ነው፤ እሱንም በሲኒ። አንዷን ሲኒ ለመጨረስ ግማሽ ሰዓት ይፈጅብኛል። ይራበኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አልራበኝም። ወደ ቤታችን ሚዛን የዞርኩ ዕለት ባለቤቴ እንደ ትልቅ ምርቃት ቆጥራው ለጎረቤቱ ሁሉ አወራች።

በሦስተኛው ሳምንት ሚዛኑ ቆመ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ያው ቁጥር ነው። ወተቱን ቀነስኩ፤ ራሴን አዞረኝ እንጂ ኪሎው አልተነቃነቀም። በአሥረኛው ቀን ያለ ምንም ምክንያት መውረድ ጀመረና እስከ አምስተኛው ወር ድረስ መለስ ብሎ እንኳ አላየኝም። ሱሪዎቼ በቀበቶም አልያዝ አሉ። የስኳር መድኃኒቴን ሐኪሞቹ ቀነሱልኝ፣ ቆይተውም አስቆሙኝ። ፀጉሬ በማበጠሪያ እየተነቀለ ሲወጣ እንኳ ደስታዬ አልቀነሰም።

ደስ ያላለው ሌላው ሰው ነበር። እንዲህ ቶሎ የከሳ ሰው በእኛ ዘንድ ሕመምተኛ ነው። ገበያ ላይ የሚያገኙኝ ሰዎች እጄን ይይዙና ፊቴን ያጠናሉ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ቢሮ ውስጥ በሩን ዘግቶ፣ «ከእኔ አትደብቅ፣ ምንህን ነው ያመመህ?» አለኝ። ኦፕራሲዮኑን ነገርኩት። «አብሽር፣ አላህ ያሽርህ» አለኝ። እንዳላመነኝ ግን ከዓይኑ ታወቀኝ። እናቴ ደግሞ በሦስተኛው ወር ለገበያ ወርዳ አየችኝና፣ «ልጄን አዲስ አበባ ወስደው አመነመኑብኝ» እያለች አልቅሳ ተመለሰች።

ከስድስተኛው ወር በኋላ ፍጥነቱ ቀነሰ። በወር ሰባትና ስምንት ኪሎ የለመደ ሰው ሦስት፣ ኋላም ሁለት ሲሆንበት እንደተቀማ ይሰማዋል። በዘጠነኛው ወር መቶ አሥራ ሁለት ላይ ደረስኩና ቆመ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ አምስት ሳምንት። ጠዋት እመዘናለሁ፣ ከሥራ ስመለስ እመዘናለሁ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ ካናቴራዬን አውልቄ እመዘናለሁ። አንድ ቀን ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ ስታየኝ ቆየችና፣ «ያ ሚዛን አንድ ቀን መልስ ይሰጥህ ይሆናል» ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች። ተናደድኩባት። የተናደድኩት እውነቷን ስለሆነ ነው።

በመጨረሻ አዲስ አበባ ካለው ሐኪሜ ጋር ለምትሠራው የአመጋገብ ባለሙያ ደወልኩ።

«ኦፕራሲዮኑ ተበላሸብኝ» አልኳት።

«ምን እየበሉ ነው፣ መምህር?» አለች። ነገርኳት። እንቁላል፣ እርጎ፣ ምስር፣ ሥጋ ሲገኝ ትንሽ ሥጋ።

«ጥሩ ነው። በእግርዎ ምን ያህል ይሄዳሉ?»

«ከቤት እስከ ትምህርት ቤት።»

«ድሮስ?»

«ድሮ በባጃጅ ነበር።»

ቀስ አድርጋ አስረዳችኝ። መጀመሪያ ከወረደው ብዙው ውሃ ነበር። አሁን የሚቀልጠው ስቡ ነው፤ ስብ ደግሞ አይቸኩልም። ሰውነቴ ሃምሳ ኪሎ ተሸክሞ መሄድ ስለተወ የሚያቃጥለው ምግብም እንደ ድሮው አይደለም። የሚዘገየው ለዚህ ነው፤ ምንም አልተበላሸም። «ሚዛኑን ለወር ያህል ለባለቤትዎ ይስጧት። እርስዎ ይራመዱ፣ ከበድ ያለ ነገርም ያንሱ። ልብስዎን ደግሞ ልብስ ሰፊ ዘንድ ይዘው ይሂዱ» አለችኝ።

ሄድኩ። ሚዛኑ በቆመ ሰሞን ሱሪዬን ያጠበበልኝ ልብስ ሰፊ ሜትሩን ወገቤ ላይ ጠመጠመና የድሮውን ቁጥር ከደብተሩ አየ። እንደገና ጠመጠመ። «መምህር፣ አሁንም አራት ጣት ይገባል» አለኝ። ሚዛኑ ቆሞ በከረመበት አምስት ሳምንት ወገቤ ሲቀንስ ነበር። እዚያው ቆሜ ብቻዬን ሳቅሁ። ልብስ ሰፊው ግራ ገብቶት እሱም ሳቀ።

ሚዛኑን ባለቤቴ ደበቀችው። እኔ በየቀኑ ንጋት ላይ የሽንኩርትና የቲማቲም ማሳዎቹን እየዞርኩ መራመድ ጀመርኩ። ሦስት ሳምንት እንዳለፈ፣ «ቅዳሜ እናቴ ጋ እንሂድ» አልኳት ባለቤቴን።

«እስከ መኪናው ድረስ ትውረድ ልትላት ነው?»

«እኛ እንውጣ ልልሽ ነው።»

እናቴ የምትኖረው ከዞብል ተራራ ሥር ነው። መኪና የሚደርሰው ሜዳው እስከሚያልቅበት ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ ጠጠር የሞላውን ደረቅ ወንዝ ተሻግሮ አንድ ሰዓት ያህል ሽቅብ መውጣት አለ። ዘጠኝ ዓመት ወጥቼው አላውቅም። ያን ቅዳሜ ፀሐይ ሳትበረታ ተነሣን። ዳገቱ ላይ ልቤ እስኪሰማኝ ድረስ መታ። ሁለት ጊዜ ቆምኩ፤ አልተቀመጥኩም። ላቡ ዓይኔ ውስጥ ሲገባ ሜዳ ላይ የሮጥኩባቸው ዓመታት ትዝ አሉኝ። የእናቴን ግቢ አጥር ሳይ ባለቤቴ ክንዴን ይዛ ነበር፤ ለመደገፍ አልነበረም።

እናቴ ደጅ ላይ ማሽላ በሰፌድ ስታበጥር አገኘናት። እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ አየችን።

«በምን መጣችሁ?»

«በእግራችን» አልኳት።

ሰፌዱን አስቀመጠችና እስከ አጥሩ ሄዳ ቁልቁል መንገዱን አየች። «በቅሎ የለም?»

«የለም፣ እማ።»

ተመልሳ መጣች። አልሳመችኝም። ጎንበስ ብላ ሁለቱን ጉልበቶቼን በእጇ ዳበሰቻቸውና ቀና ስትል ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር።

ምሳ ቀረበ። የማሽላ እንጀራ በሽሮ፣ ከጎኑም እርጎ። አምስት ጉርሻ በልቼ እጄን ሰበሰብኩ።

«ይቺን ብቻ?» አለች እናቴ።

«ሆዴ የሚይዘው ይቺን ነው።»

ወደ ባለቤቴ ዞረች። «ይቺን እየበላ ነው ይህን ዳገት የወጣው?»

«አዎ፣ እማዬ።»

እናቴ ትንሽ አሰበችና የተረፈውን ከደነችው። «እንግዲያው ይበቃዋል» አለች። ሕይወቴን ሙሉ ብላ ስትለኝ የኖረች ሴት ናት። ከዚህ የበለጠ ምስክርነት የሰጠኝ ሰው የለም።

ሚዛኑ በወሩ ከተደበቀበት ሲወጣ ሁለት ኪሎ ወርጄ ነበር። ባለቤቴ ቁጥሩን ጮክ ብላ አነበበችው፤ እኔ ጫማዬን ማሰሬን ቀጠልኩ። አሁን ኦፕራሲዮኑን ካደረግሁ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ። ዘጠና ዘጠኝ ኪሎ ነኝ። አንዳንድ ወር ሁለትም ሦስትም ኪሎ ይወርዳል፣ አንዳንድ ወር ባለበት ይቆያል፣ በበዓል ሰሞን ትንሽ ይጨምራል። የምመዘነው በወር አንዴ ነው።

ባለፈው ወር የእኛ ትምህርት ቤት መምህራን ጎረቤት ከተማችን ዋጃ ሄደው ከዚያው መምህራን ጋር ኳስ ተጫወቱ። በድሮ ቦታዬ፣ በተከላካይነት፣ አንድ አጋማሽ ሙሉ ተጫወትኩ። ሁለት ለአንድ ተሸነፍን። አንደኛዋ ጎል በእኔ በኩል የገባች ናት፤ አጥቂያቸው ወጣት ነው፣ አመለጠኝ። እየተሳሳቅን ወደ ቆቦ በሚመለሰው ሚኒባስ ተሳፈርን። በኋለኛው ወንበር ላይ ሦስት ሆነን ነበር። ሹፌሩ በመስታወቱ አየንና፣ «እስቲ ጠጋ በሉ፣ አንድ ሰው ይገባል» አለ።

ጠጋ አልኩ። ሰውየው ገባና ተቀመጠ።